ሉፐስ ላለባት ሴት ተደጋጋሚ የፅንስ መቋረጥ፦ የትኛው የደም ምርመራ ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ ወለተ አዲስ

ዕድሜዬ 32 ሲሆን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም፣ እንዳለብኝ ከታወቀ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ መድኃኒቱን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ፤ ሕመሙም ከዓመት ወዲህ ረግቶልኛል። ሦስት ጊዜ ፀንሼ ሦስቱም አልቆዩልኝም። የመጀመሪያው በ8ኛው፣ ሁለተኛው በ9ኛው ሳምንት ጨነገፈ፤ ሦስተኛው ግን በአልትራሳውንድ ልቡ ሲመታ በዓይኔ ካየሁት በኋላ በ15ኛው ሳምንት ልቡ ቆሞ ተገኘ።

በሁለተኛው እርግዝና ክትትል ስጀምር የቂጥኝ ምርመራዬ፣ ማለትም ቪዲአርኤል፣ ደካማ ፖዘቲቭ ነው ተብሎ ፔኒሲሊን ተወጋሁ። የባለቤቴ ውጤት ነጋቲቭ ነበር። ያ ወረቀት በቤታችን ያስገባውን ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አላወጣነውም። ቤተሰቦቼ ደግሞ «ሾተላይ ነው» ይላሉ፤ የደም ዓይነቴ ግን ኦ ፖዘቲቭ ነው።

ከመጨረሻው መጨናገፍ ሁለት ሳምንት በኋላ በተሰጠ ደም ለሉፐስ የሚታየው ኤኤንኤ 1፡640፣ ከደም መርጋት ጋር የተያያዘው ፀረ እንግዳ አካል አንቲካርዲዮሊፒን አይጂጂ ደግሞ 58 ሆነ። ሉፐስ አንቲኮአጉላንት የሚባለውን እንዲሠሩልኝ ስጠይቅ «ሉፐስ እንዳለብሽ ይታወቃል፤ አያስፈልግም» ተባልኩ። ከእነዚህ ምርመራዎች ስለ እርግዝናዬ በእርግጥ የሚናገረው የትኛው ነው? መደገምስ አለበት? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ

እኅቴ፣ ለደረሰብዎት ሐዘን እግዚአብሔር ያጽናዎት። እኔ የምሠራው በደም ምርመራ ክፍል ስለሆነ የምናገረው ስለ ምርመራው ብቻ ነው።

አስቀድሞ መታረም ያለበት ስለ ስሙ የተነገረዎት ነው። ሉፐስ አንቲኮአጉላንት የሉፐስ ሕመም መለያ ምርመራ አይደለም። ስሙን ያገኘው መጀመሪያ በሉፐስ ሕሙማን ደም ውስጥ ስለታየ ነው እንጂ ሉፐስ ያለባት ሴት ሁሉ አይኖራትም፤ ሉፐስ የሌለባትም ሊኖራት ይችላል። ሁለተኛው ቃልም ያሳስታል፤ ይህ ፀረ እንግዳ አካል በቱቦ ውስጥ ደም የሚረጋበትን ጊዜ ያዘገያል፣ በሰውነት ውስጥ ግን ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ስለዚህ የእርስዎ ሕመም መታወቁ ምርመራውን ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ናሙናው የሚወሰደው ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት ቱቦ ሲሆን ፕላዝማው ከፕላትሌት እንዲጠራ ሁለት ጊዜ በሴንትሪፊዩጅ መዞር አለበት። ይህ ሳይደረግ በረዶ ሆኖ ከተቀመጠ ከተሰባበሩት ፕላትሌቶች የሚወጣው ፎስፎሊፒድ ፀረ እንግዳ አካሉን ይይዘውና ያለው እንደሌለ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ናሙናዎ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ይህን ሳይጠይቁ አይስጡ። የደም መርጋትን የሚከላከሉትን ሄፓሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነም ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ ሁለቱም ውጤቱን ያዛባሉ።

ስለ ቪዲአርኤልም ዝም ማለት አልችልም። የዚህ ምርመራ መፈተሻ ራሱ የተሠራው ከካርዲዮሊፒን፣ ከሌሲቲንና ከኮሌስትሮል ነው። በደሟ ውስጥ አንቲካርዲዮሊፒን ያላት ሴት ቂጥኝ ሳይኖርባት ፖዘቲቭ ልትሆን የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህም በሕክምና ዘንድ ለረጅም ዘመን የታወቀ ነገር ነው። ቲፒኤችኤ የተባለውን ማረጋገጫ ያሠሩ። ፔኒሲሊን መወጋትዎ አያግድም፤ ቂጥኝ በእርግጥ ይዞት የነበረ ሰው ከታከመም በኋላ ይህ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያልና።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ

እኔም በዚህ መንገድ አልፌአለሁ፣ እኅቴ። ከአራት መጨናገፍ በኋላ ሉፐስ አንቲኮአጉላንትን ጨምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ መጨናገፍ የሚፈለጉት ሦስቱም ፀረ እንግዳ አካላት እንዳሉብኝ ታወቀ። አስፒሪን ጀምሬ፣ ፅንሱ እንደታየ በየቀኑ ሆዴ ላይ የሄፓሪን መርፌ እየወጋሁ የመጀመሪያ ልጄን በ36ኛው ሳምንት ታቀፍኩ። ሆዴ በሙሉ በልዞ ነበር፤ እናቴ እያየች ታለቅስ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ከዚያ በፊት «ገዳይ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎችሽ በዝተዋል» ብሎ ብዙ ገንዘብ ያስከፈለኝ ክሊኒክ ነበር፤ በዚያ ወረቀት ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ ባከነብኝ። ከደም ሥር በሚቀዳ ደም የሚለካው የዚህ ሴል ቁጥር በማህፀን ውስጥ ያለውን እንደማያሳይ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ቀደም ብለው የመለሱት ሁለቱም ትክክል ናቸው። ኤኤንኤ 1፡640 የሚነግረን አስቀድመን የምናውቀውን ሉፐስዎን ነው፤ ቀጣዩ ፅንስ ይቆይ እንደሆነ አይነግረንም። ሊታዩ የሚገባቸው ሦስት ናቸው፦ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት፣ አንቲካርዲዮሊፒን፣ አንቲ ቤታ ሁለት ግላይኮፕሮቲን አንድ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሁለት የፀረ እንግዳ አካል ዓይነቶች፣ በአይጂጂም በአይጂኤምም፣ ይለካሉ። እኩል ክብደት ግን የላቸውም። በ2012 ውጤቱ የታተመው ፕሮሚስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት ያሉባቸውን እርጉዞች ሲከታተል፣ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ከባድ ችግር የገጠማቸው ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ካለባቸው 39 በመቶ፣ ከሌለባቸው ግን 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለእርስዎ ያልተሠራው ምርመራ ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በ2006 የወጣው፣ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የተባለው ሕመም የሚለይበት የሲድኒ መስፈርት አንቲካርዲዮሊፒን ከ40 በላይ ሆኖ ቢያንስ በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንዲገኝ ይጠይቃል። ከኢንፌክሽን በኋላ ለጊዜው ብቅ ብሎ የሚጠፋ ውጤት ስላለ 58 የሚለው ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። የ15ኛው ሳምንት ሐዘንዎ ግን፣ ፅንሱ የአፈጣጠር ጉድለት ካልነበረበት፣ ብቻውን የመስፈርቱን የሕመም ታሪክ ክፍል ያሟላል፤ ከ10ኛው ሳምንት በኋላ አንድ ፅንስ መሞቱ ይበቃልና። ሁለተኛው ምርመራም ከፍ ብሎ ከተገኘ ሕመሙ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ይባላል። ፀረ እንግዳ አካሉ የእንግዴ ልጁን ደም ሥር በረጋ ደም ከመዝጋቱም በላይ የእንግዴ ልጁ ሴሎች ማህፀን ውስጥ ሥር እንዳይሰዱ ያደርጋል፣ ኮምፕሊመንት የተባለውንም የመከላከያ ሥርዓት ያስቆጣል።

ተስፋው እውነተኛ ነው። በ1997 በለንደን በ90 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት አስፒሪን ብቻ ከወሰዱት 42 በመቶ፣ ሄፓሪን ከታከለላቸው ደግሞ 71 በመቶ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል። መድኃኒቱን ግን በሐኪም እጅ እንጂ በራስዎ አይጀምሩ፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪኑንም እርግዝና መጣ ብለው አያቋርጡ። ከመፀነስዎ በፊት አንቲ ሮ እና አንቲ ላ የተባሉት ፀረ እንግዳ አካላት ቢታዩ መልካም ነው፤ እነዚህ የሚፈለጉት ለመጨናገፉ ምክንያት ሳይሆን በጥቂት ፅንሶች ላይ የልብ ምት መዘጋት ስለሚያስከትሉ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ የሆነው ቲኤስኤችም አብሮ ይሠራ።

ሾተላይ የሚለውን ቃል ዛሬ ብዙ ሰው የሚያያይዘው ከአርኤች፣ ማለትም በደም ዓይነት ላይ ፖዘቲቭ ወይም ነጋቲቭ ከሚባለው፣ አለመስማማት ጋር ነው። ይህ አርኤች ነጋቲቭ እናትን የሚመለከት ስለሆነ እርስዎን አይነካም፤ በ8ኛውና በ9ኛው ሳምንት የሚደጋገም መጨናገፍንም አያብራራም።

ወለተ አዲስ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስቱም ምርመራዎች የ12 ሳምንቱ ቀጠሮ ሲደርስ እንዲሠሩልኝ ሐኪሜ ጽፎልኛል፤ ናሙናውን የሚልከው ላቦራቶሪም ፕላዝማውን ሁለት ጊዜ እንደሚያዞር አረጋግጦልኛል። ቲፒኤችኤው ትናንት ደረሰልኝ፤ ነጋቲቭ ነው። ማታ ወረቀቱን ከላቦራቶሪ ባለሙያው ማብራሪያ ጋር ለባለቤቴ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያም ለቀጠሮው አብሮኝ እንደሚሄድ ነገረኝ።