12 ቡድን፣ አንድ ሜዳ፣ ከ13 ዓመት በታች፦ ጥሎ ማለፍ ወይስ ምድብ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ድሬዎች። ለሰፈር ታዳጊዎች ውድድር እያሰናዳን ነው። 12 ቡድን፣ አንድ ሙሉ ሜዳ፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድ። ኮሚቴው 11 ለ11 ጥሎ ማለፍ ይሁንና ቶሎ ይለቅ ይላል። እኔ ልጆቹ በደንብ እንዲጫወቱ ነው የምፈልገው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ እንዴት ይደልደል?

ደቻቱ ማዶ፦
ጥሎ ማለፍ በ11 ጨዋታ ያልቃል፤ ግን ቢያንስ 4 ቡድን አንዴ ተጫውቶ ማሊያውን ያጥፋል። አቦ፣ ይሄ ለታዳጊ ምን ይሠራለታል?

ሜዳውን መሃል ለመሃል ክፈሉና በወርዱ 7 ለ7 አጫውቱ። 15 ደቂቃ፣ 5 እረፍት፣ 15 ደቂቃ፣ 5 ለመግቢያ መውጫ፤ አንዱ ዙር 40 ደቂቃ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከጀመራችሁ 5 ዙር፣ ማለትም እስከ 10 ጨዋታ፣ 3 ሰዓት ከ50 ላይ ያልቃል። ከሰዓት አታስቡት፤ ፀሐዩም አለ፣ ዳኛውም በርጫ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት 3 ምድብ፣ አራት አራት ቡድን፤ 18 ጨዋታ፣ በቀን 9። ሁለቴ የሚደርሰው ቡድን መሃል ላይ አንድ ዙር ይረፍ። በሁለተኛው ሳምንት አንደኞቹ ሦስቱ ለዋንጫ፣ ሁለተኞቹ እርስ በርስ፣ እንዲያ እያለ እስከ አራተኞቹ። ሁሉም 5 ጨዋታ ያገኛል፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደግሞ ከአቻው ጋር።

ቀፊራ በረኛ፦
የሦስት ቡድን ምድብ ወጥመድ አለው። መጨረሻ ላይ የሚገናኙት ሁለቱ ምን ውጤት እንደሚበቃቸው አስቀድመው ያውቃሉ፤ ኳሷን እየተቀባበሉ ሰዓት ይገፋሉ። ስለዚህ የቅዳሜው ጨዋታ ተሸናፊ እሁድ መጀመሪያ ካረፈው ጋር ይግጠም፤ አቻ ከሆነ ዕጣ። ቅዳሜ 4፣ እሁድ 8 ጨዋታ ይሆናል።

እኩል ነጥብ ከመጣ መጀመሪያ እርስ በርስ የተጫወቱት ይታይ። የግብ ክፍያ ላይ በአንድ ጨዋታ ከ5 በላይ አትቁጠሩ፤ አለዚያ ደካማው ቡድን 14 ለ0 ይገባበታል።

ጎሉንም አትርሱ። ትልቁ 7.32 በ2.44 ሜትር ነው። የ12 ዓመት በረኛ እጁ አግዳሚው ጋ አይደርስም፤ አጥቂውም ከሩቅ ወደ ላይ መለጋት ብቻ ይለምዳል። 3.66 በ1.83 አሠሩ፣ ኳሱ ቁጥር 4።

የሳቢያን ልጅ፦
ተመችቶኛል። ተጠባባቂዎቹስ? አሰልጣኞቹ ለማሸነፍ ሲሉ እንደማያስገቧቸው አውቃለሁ።

ደቻቱ ማዶ፦
12 ልጅ አስመዝግቡ፣ እያንዳንዱ አንድ ሙሉ አጋማሽ ይጫወት በሉ። በመጀመሪያው 7ቱ፣ በሁለተኛው የቀሩት 5ቱና ከመጀመሪያዎቹ ሁለት። ወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ማንም አያከብረውም፤ እረፍት ላይ አንድ ሰው ዝርዝሩን ይዞ ማሊያ ቁጥር ይቁጠር። ያልገባ ልጅ ከተገኘ 3 ነጥቡ ይቀነስ።

ከዚራ 4፦
የዕድሜውን ነገር አሁኑኑ ጨርሱ፣ ክሱ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። የፊፋ መቁረጫ በፈረንጆቹ ጥር 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ወይም 23። «በ2004 የተወለደ» ብላችሁ ብቻ ካወጃችሁ መስከረም ላይ የተወለደው የፈረንጅ 2011፣ ጥር ላይ የተወለደው 2012 ይሆናል። ቀንና ወሩን በአንዱ አቆጣጠር ጻፉ፣ የልደት ካርዱን ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ሰብስቡ።