ዝቅ ላድርገው ወይስ እንዳለ ልተወው? (ቢኤምደብሊው 320አይ)

የሆጤው ልጅ፣ ደሴ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ኢ90 (የ3 ሲሪሱ አንድ ትውልድ መጠሪያ ነው) ቢኤምደብሊው 320አይ አለኝ፤ የ2008 ሥሪት፣ ግራጫ። አጎቴ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ዓይኑ ብሌን ይዞ የነዳው ነው። አሁን የኔ ሆነና እንቅልፍ ነሳኝ። ያሰብኩት፦ ሞላውን 30 ሚሊ ሜትር ማሳጠር፣ ባለ 19 ኢንች ቸርኬ፣ የኋላ መብራቱን ጥቁር ፊልም ማልበስ፣ ከዚያ መኪናውን በሙሉ ማት (የማያብረቀርቅ) ጥቁር ስቲከር። በሳምንት ሦስት ቀን ለሥራ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ገንዘቡን ያጠራቀምኩት በስንት መከራ ነው። የሞከራችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ቀለም ቀቢው፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ አብሽር፣ መኪናህ ጥሩ መኪና ነው። ግን የኋላ መብራቱን አትንካ። ክረምት ላይ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ጉሙ አስፋልቱ ላይ ሲተኛ ታውቀዋለህ። ከፊትህ ያለውን መኪና የምታየው በቀይ መብራቱ ብቻ ነው። ከኋላህ ደግሞ ከሚሌ በባቲ አድርጎ የመጣ ተሳቢ ይኖራል። ሾፌሩ ፍሬን መያዝህን ማየት አለበት።

ሞላውን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገርህ። የራሴን አውቶሞቢል አንድ ጋራዥ ሞላውን በግራይንደር ቆርጦ ዝቅ አደረገልኝ። ሲቆም ያምራል፤ ሰው ዞሮ ያየዋል። ሲሄድ ግን በየጉብታው ቋ፣ ቋ ይላል። በሁለተኛው ወር አሞርዛተሩ ዘይት አፈሰሰ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ከፓራውልቱ ሥር አየሁ። ቀለሙ ተልጦ አልቋል፤ ፕላስቲኩ ከድንጋይ ጠርዝ ጋር ሲፋቅ ከርሞ እንደ ቃጫ ጸጉር አውጥቷል። በጣም አዘንኩ። ቀለም የቀባሁት በገዛ እጄ ነበር።

ባለ 19 ቸርኬም ለኛ መንገድ አይሆንም። 205/55 ባለ 16 ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ አስፋልት 113 ሚሊ ሜትር አለው። 225/35 ባለ 19 ግን 79 ብቻ ነው። ጉድጓድ የሚችልልህ ያ የጎደለው ነው። 17 ውሰድ፣ 225/45። ለዓይንም ይሞላል። የብሎኑ ልክ 5 በ120 ነው፤ አምስት ብሎን በ120 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ማለት ነው። የቶዮታው 5 በ114.3 ስለሆነ «እንደምንም እናስገባዋለን» የሚልህን አትስማ። የመሃል ቀዳዳው 72.6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከሰፋ ቀለበት ይግባለት፤ አለዚያ ፍጥነት ስትጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። ኢ90 በብዛት ከፋብሪካ የወጣው በራን ፍላት ጎማ (ቢተነፍስም ለጥቂት መንገድ የሚሄድ)፣ ያለ ትርፍ ጎማ ነው። ተራ ጎማ ካሰርክ ትርፍ ሳትይዝ ከደሴ አትውጣ።

እህትህ ከሐይቅ

ሞላውን እሳቸው ጨርሰውታል። እኔ ስቲከሩ ነው ያንገበገበኝ። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲመታው በበሮቹ እጀታ በኩል የሚያልፈውን መስመር እየው። ግራጫ ላይ ብርሃኑና ጥላው ቁልጭ ብሎ ይለያል። ማት ጥቁር ይውጠዋል። የኋላ መስኮቱ ሲያበቃ ወደ ፊት የሚታጠፈውን ማዕዘንም እየው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1961 ጀምሮ የቢኤምደብሊው ምልክት ነው፤ በዲዛይን ኃላፊው በሆፍማይስተር ስም ይጠሩታል። ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ኩላሊቶች (ኩላሊት የሚመስሉት ግሪሎች) ደግሞ ከ1933 ጀምሮ አሉ። ጥቁር ካማረህ የኩላሊቶቹን ዙሪያ ብቻ አጥቁር። ካልወደድከው ትመልሰዋለህ።

ሊብሬህ ላይ የተጻፈው ግራጫ መሆኑንም አትርሳ። ለቦሎ ስትቀርብ ጥያቄ ያመጣብሃል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ያልተነካ ኢ90 ከእጅህ ከወጣ ሌላ ከየት ታመጣለህ?

የሆጤው ልጅ፣ ደሴ

እህቴ፣ ያልሽውን አንብቤ በማለዳ ወጣሁና ከጎኑ ቆሜ አየሁት። ለካ ያን መስመር አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ስቲከሩን ትቼዋለሁ፤ መብራቱንም። ኩላሊቶቹን አጠቁራለሁ። ዝቅ ማለቱ ግን አሁንም ከልቤ አልወጣም። ጋሼ፣ ሳይቆረጥ፣ ለራሱ ለኢ90 የተሠራ አጭር ሞላ ቢሆንስ? ቅዳሜ ባለ 17 ቸርኬ ይዤ እመጣለሁ፤ አይተው ይንገሩኝ።

ቀለም ቀቢው፣ ኮምቦልቻ

ለራሱ የተሠራ ከሆነ ከቆረጡት በብዙ ይሻላል። ግን አሞርዛተሩን አብረህ ቀይር፣ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይም አታሳጥረው። ከፊት ፓራውልት ሥር የሚጨመረው ሊፕ ግን በጭራሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ና፤ ከገዛኸው በላይ ሳታወጣ ቀለበቱን አብረን እንለካለን።