ድምፅ የማይሰጥ ሰው የስቴት ሴናተር ቢሮ መሄድ ይችላል? (ሮቸስተር)

እህቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከእኔ ጋር ይኖራል። ሁለት ዓመት ሆነው፣ አእምሮውን ታሟል። ጸበል አስጠምቀነዋል፤ መድኃኒትም ይወስዳል። ሲብስበት ግን ሌሊት በባዶ እግሩ በረዶ ላይ ይወጣል።

ባለፈው ክረምት ስልኬን ይዤ ወደ ድንገተኛ እርዳታው መስመር 911 መደወል አቃተኝ። እንደ ወንድሜ አእምሮው ታውኮበት የነበረው ዳንኤል ፕሩድ ትዝ አለኝ። መጋቢት 2020 እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው የሆነው። ለእሱም እርዱልኝ ብሎ የደወለው የገዛ ወንድሙ ነበር። ፖሊሶች ራሱን በጨርቅ ሸፍነው መሬት ላይ ተጭነው ያዙት። ከሳምንት በኋላ ሞተ።

አንዲት የቤተ ክርስቲያን እናት «ሴናተሯ አባቷ ኢትዮጵያዊ ናቸው፣ ሄደሽ ንገሪያት» አሉኝ። እውነት ነው? ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ አልመርጥም። ያናግሩኛል? ምን ብዬስ ልጀምር? የእኛ ሰው ስኳር ሲይዘው ሁሉም ይጠይቀዋል። አእምሮ ሲሆን ግን በር ይዘጋል። እኔም ዘግቼ ነው የከረምኩት።

ጋሽ ታክሲ፦
አይዞሽ የኔ እህት። አዎ፣ ሳምራ ብሩክ ናት። እዚሁ ሮቸስተር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ፒስ ኮር በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጓቲማላ ሄዳ አገልግላለች። በ2020 ተመርጣ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ 55ኛውን ወረዳ ትወክላለች። ዜግነት አግኝቼ መጀመሪያ የመረጥኩት ያኔ ነው። ስሟን ወረቀቱ ላይ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አልዋሽሽም።

ደግሞ ልብ በይ፤ የስቴቱ ሴኔት የአእምሮ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ እሷ ናት። የአንቺ ጉዳይ ከሥራዋ መሃል ነው። ግን መጀመሪያ አድራሻሽ በእሷ ወረዳ ውስጥ መሆኑን አረጋግጪ፤ ከተማው የተከፋፈለ ነው።

ሰብለ ከኦልባኒ፦
እኔ የምኖረው ምክር ቤቱ ያለበት ከተማ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። ሴናተሮቹ 63 ናቸው፤ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ከጃንዋሪ እስከ ጁን መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ እዚህ ናቸው። ስለዚህ እሷን ራሷን ካላገኘሁ ብለሽ አትመለሺ። የወረዳው ቢሮ የነዋሪውን ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉት። እዚያ ለመኖርሽ እንጂ ለመምረጥሽ ማንም አይጠይቅሽም። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) እና የሕክምና ጉዳይ የስቴት ነው። የኢሚግሬሽን ከሆነ ግን ወደ ፌዴራል ተወካይሽ ነው የምትሄጂው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አስተርጓሚ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ደውለሽ ንገሪያቸው።

ያሬድ፦
እኔ ብዙ ተስፋ እንዳታደርጊ ነው የምፈልገው። በፕሩድ ስም የተጠራውን «የዳንኤል ሕግ» ረቂቅ ያቀረበችው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ በፖሊስ ፋንታ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይሂድ ነው የሚለው። ግን ዓመታት ፈጀ። በ2025 በጀት የተገኘው ለሙከራ የሚሆን ገንዘብ ነው። ለዛሬ ሌሊት የአእምሮ ጤና ቀውስ እርዳታ መስመሩን 988ን ያዢ። በስልክም በጽሑፍም ይሠራል።

ጋሽ ታክሲ፦
ያሬድ፣ ልክ ነህ፣ ፈጅቷል። ግን እንዲህ ያለ ሕግ የሚገፋው እኮ በሯን የሚያንኳኳ ሰው ሲበዛ ነው። የዚህች እህታችን ታሪክ ኮሚቴው ፊት ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው።

እህቱ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። 988ን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰኞ እረፍቴ ነው፣ እደውላለሁ። ወንድሜንም ጠየቅሁት። ዛሬ ደህና ነው። «ስሜን አትጥሪ እንጂ ሌላውን ንገሪ» አለኝ። ሌሊት ቁጭ ብዬ በአማርኛ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞርልኝ አለ?

ሰብለ ከኦልባኒ፦
ዛሬውኑ ላኪልኝ። ለሰኞ አደርስልሻለሁ።