«በፍቅር ነው» ላላችሁን

ቀኝ መስመር፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ ስለ ጥንቱ ጥቁር አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች ፍራንክ ግራንት «በነጩ ተጫዋች በደንላፕ ስም ጥቁሩ ደንላፕ ያሉት በፍቅር ነው፣ የዘመኑ ወግ ነው» ብሎ ጽፎ ላይክ ሲዘንብለት አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1886 የቡፋሎ ከተማ ቡድን ሲያስፈርመው የከተማው ጋዜጣ «ስፔናዊ» ብሎ ነው ያስተዋወቀው። የሚወዱትን ሰው ዘሩን ይቀይሩለታል እንዴ?

ዳኛው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ፍሬድ ደንላፕ በ1884 በአማካይ .412 የመታ (ከ1,000 ሙከራ 412 እንደማለት)፣ በዘመኑ ሁለተኛ ቤዝ በሚባለው የመከላከያ ቦታ ላይ አቻ ያልነበረው ሰው ነው። በእሱ ስም መጠራት ስድብ ከሆነ ምስጋናው የቱ ነው? ነጩን ተጫዋች ሆነስ ዋግነርንም የጀርመን ልጅ ስለሆነ «በራሪው ደች» ብለውታል፤ ያኔ አሜሪካ ውስጥ ጀርመኑንም «ደች» ይሉት ነበር። ቅር አላለውም።

የቡፋሎዋ፦ ምን ቅር ይለዋል ወንድሜ? ዋግነር ቅጽል ስሙን ይዞ እስከ 1917 ተጫወተ፣ በ1936 ለሆል ኦፍ ፌም፣ ለቤዝቦል የክብር መዝገብ፣ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ 5 አንዱ ሆነ። ግራንት እዚያ የገባው በ2006 ነው፣ ከሞተ 69 ዓመት በኋላ። በ1887 ግራንት የሚጫወትበት ሊግ ከጥቁር ጋር አዲስ ውል እንዳይፈረም ወሰነ፤ በ1888 የገዛ ቡድኑ ልጆች ከእሱ ጋር ፎቶ አንነሳም አሉ። በፍቅር!

ዳኛው፦ ሊጉን ማን ደገፈ? እኔ ያወራሁት ስለ ቅጽል ስሙ ነው።

ቀኝ መስመር፦ አይነጣጠሉማ። ሌላውን ጥቁር ተጫዋች ቻርሊ ግራንትን እይ፣ እሱም ሁለተኛ ቤዝ። በ1901 አሰልጣኙ ጆን ማክግሮ፣ ጥቁር ስለማይገባ፣ ለባልቲሞር ቡድን ሊያጫውተው «ቼሮኪ ነው»፣ ማለት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ነው፣ ብሎ «ቺፍ ቶኮሃማ» የሚል ስም ለጠፈበት። የቺካጎው ቡድን ባለቤት ኮሚስኪ ነቃበት፣ ልጁ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ።

ዳኛው፦ ሊያስገባው ብሎ ነው እኮ የዋሸለት! ይሄም ጥላቻ ነው?

የቡፋሎዋ፦ ለራሱ ቡድን ነው የዋሸው። ደግሞ ቼሮኪዎቹን ማን ጠየቃቸው? ኢንዲያን፣ ማለት ነባር አሜሪካዊ፣ የሆነ ተጫዋች ብዙው «ቺፍ» (የጎሳ አለቃ) ይባል ነበር፣ ቤንደርም ማየርስም። ቤንደር ግን ፊርማ ሲጠይቁት በገዛ ስሙ «ቻርልስ» ብሎ ነበር የሚፈርመው። በፍቅር የሰጡትን ስም ለምን ተወው?

ሦስተኛ ቤዝ፦ ጥሩ ነው። የክሊቭላንድ ቡድን «ኢንዲያንስ» የሚለውን ስሙን ሲቀይር እዚሁ ሙሾ ያወረደው ማን ነበር? ቀኝ መስመር፣ አንተ አይደለህም?

ቀኝ መስመር፦ ክሊቭላንድ ምን አገባው? እኔ ያዘንኩት ለማልያው ነው።

ዳኛው፦ 😂 ለማልያው!

ቀኝ መስመር፦ አዎ ለማልያው። ክሊቭላንድን ካነሳችሁ ሌላ ፖስት ክፈቱ።

ሦስተኛ ቤዝ፦ አልከፍትም፣ እዚሁ መልስልኝ።