ጎቲክ ድባብ ያለው ድርሰት ለ8ኛ ክፍል፦ ልጆቹን ከ«በጣም አስፈሪ ነበር» እንዴት እናውጣቸው?

የጠመኔ ብናኝ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ደብረ ብርሃን ዙሪያ 8ኛ ክፍል አማርኛ ነው የማስተምረው። ለገላጭ ድርሰት ጎቲክ ስልትን (በአሮጌ ቤትና በጨለማ ፍርሃት የሚፈጥር የአውሮፓ አጻጻፍ) ላለማምዳቸው ብዬ «አሮጌው ቤት» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ከ58ቱ ደብተር አብዛኛው የሚለው ይህንኑ ነው፦ «በጣም አስፈሪ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። በጣም ፈራሁ። ከዚያ ጭራቅ መጣ። ደም በደም ሆነ። ከዚያ ከእንቅልፌ ነቃሁ።» ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ያለኝም ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው። ቃላት ልስጣቸው ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ? በጎቲክ ታሪክ የተለመደውን ምድር ቤት ያለው ግንብስ ልጆቹ የት አይተው ይጻፉት?

ወፍ ዋሻ

መምህር፣ ከግንቡ ልጀምር። ዘውጉ ተጀመረ የሚባለው እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ በ1765 ሁለተኛ እትሙ ሲወጣ «ጎቲክ» የምትለው ቃል ንዑስ ርዕሱ ላይ ገባች። ግንቡ የእነሱ አገር ያለፈ ዘመን ስለሆነ ነው እንጂ ስልቱ ግንብ ግድ አይለውም። የሚፈልገው ያለፈ ጊዜ የተጫነው ቤት ነው። እኛ ደግሞ «ወና» የምትል ቃል አለችን፤ አንድ ገጽ መግለጫ ትተካለች።

ስለዚህ ቦታውን ከሚያውቁት ያምጡት። የመንዝ የድንጋይ ቤት፣ የፈረሰ ካብ፣ የጓሳ ክዳን፣ ጥቀርሻ የለበሰ ማገር፣ ጣርማበር ላይ መንገድ የሚያሳጣ ጉም፣ የኅዳር ውርጭ። ግንብ ካማራቸውም አንኮበር የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍራሽ አለላቸው። ኩበት ሲጨስ የሚያውቅ ልጅ ሽታውን ይጽፈዋል፤ ሻማ የተደረደረበት አዳራሽ ግን ከፊልም የተቀዳ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ነገር ደሙ ነው። የዘውጉ ደራሲ እንግሊዛዊቷ አን ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1826 በታተመ ጽሑፏ፣ ገና ሊመጣ ያለን ነገር መፍራትና ዘግናኙን ፊት ለፊት ማየት የተለያዩ ናቸው ትላለች፤ የመጀመሪያው አእምሮን ይከፍታል፣ ሁለተኛው ያደርቀዋል። ልጆቹ ጭራቁን በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ስለሚያመጡት ለአራተኛው የሚተርፍ የላቸውም። እንዲህ ይበሏቸው፦ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ይሁን፣ አንድ ነገር ብቻ ይዛባ። ሰሌዳው ላይ ይህን ይጻፉላቸው፦

«ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ካቡን ተሻገረ። ከጓሳው ክዳን ጠብ ጠብ ከሚለው ውኃ በቀር ድምፅ የለም። መደቡ ላይ አቧራ ተኝቷል። ሦስት ቀን እሳት ባልነደደበት ምድጃ ውስጥ አመዱ ይሞቃል።»

«ፈራሁ» የሚል ቃል የለበትም። ልጆቹ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንዳስፈራቸው ይጠይቋቸውና ጣታቸውን አመዱ ላይ ሲያደርጉ ያያሉ።

ቅኔ ጓዳ

ከላይ በተባለው ላይ ሰዋስው ልጨምር፤ ቃል ዝርዝር መስጠት ብቻውን አያዋጣም። «ጽልመት፣ ውድቅት፣ ድቅድቅ» ብለው ቢሰጡ ሦስቱንም አንድ መስመር ላይ ደርድረው ያመጡልዎታል። አማርኛ ድባቡን የሚሸከመው በግሱ ነው።

ግሱ መጨረሻ ላይ የምትገባውን «ብ» ያስተምሯቸው። «መሸ» ዜና ነው፤ «መሸባት» ግን ሴትዮዋን መንገድ ላይ ያስቀራታል። «በሩ ተዘጋ»፣ «በሩ ተዘጋባት»። «ቤቱ ዝም አለ»፣ «ቤቱ ዝም አለባት»። በአንድ አንቀጽ ከሁለት በላይ ከገባ ግን ሙሾ ይሆናል። ደግሞ «ኩራዙ ጠፋባት» ካሉ አንባቢው ኩራዙን የት ጣለችው ብሎ ይፈልጋል፤ «ድርግም አለባት» ይሻላል።

ቀጥሎ አድራጊውን መደበቅ። «በሩን ነፋስ ከፈተው» ካልን ነገሩ አለቀ። «ማታ የተቀረቀረው በር ተከፍቷል» ስንል ግን ማን ከፈተው የሚለው ጥያቄ አንባቢው ዘንድ ያድራል።

ግሳችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። «ከጓዳው በኩል፣ ከተደረደሩት እንስራዎች ኋላ፣ የኩራዙ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ አንድ ሰው ተቀምጧል።» ሦስት ሐረግ ይበቃል፤ አምስት ካደረጉት ልጁ ራሱ ግሱን ረስቶት ነጥብ ያስቀምጣል። ይህ ስህተት በብዛት ስለሚያጋጥም አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

አንድ ችግር አለ፤ ግሳችን ጾታን ያወጣል። «መጣ» ካልን ወንድ፣ «መጣች» ካልን ሴት መሆኗ ታወቀ። ስለዚህ ያልታወቀው እንግዳ በራሱ አይምጣ፤ ድምፁ ወይም ጥላው ይምጣ። «ኮቴው ቀረበ። በሩ ጋ ቆመ።» ኮቴው ስለሆነ ባለቤቱ ገና አልተነገረም። ከዚያ አንድ ቃል፦ «ሳቀች።» ይህን ዘዴ ልጆች አንዴ ካዩት አይለቁትም፤ እንዲያውም በኋላ ሁሉም ድርሰት በ«ሳቀች» እንዳያልቅ መጠበቅ ነው።

የ«አለ» ግሶችን አልረሳሁም። ኮሽ፣ ሲጥ፣ ሽው፣ ውልብ፣ ድርግም፣ እልም። ልጆቹ ሁሉንም ስለሚያውቁ ማስተማር አያስፈልግም፤ ድርሰት ውስጥ መጻፍ እንደሚቻል መንገር ብቻ ነው። አንድ አንቀጽ ላይ አንድ ይበቃል፣ እሱም ጸጥታው ከተገለጸ በኋላ ይምጣ። ጸጥታ ሳይቀድመው ኮሽ ያለ ነገር አይሰማም።

ሰላ ድንጋይ

ስለ ሰዓቱ። በአንድ ክፍለ ጊዜ አይጨርሱት፣ ለሁለት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ፤ ከዚያ አንድ ድምፅ፣ አንድ ሽታ፣ አንድ የነኩት ነገር ይጻፉ። የታየ ነገር በዚህ ዙር አይፈቀድም፤ ጨለማ ውስጥ ነንና። ቀጥሎ 10 ደቂቃ በቡድን፦ 58 ከሆኑ ስምንት ቡድን በ6፣ ሁለቱ በ5። እያንዳንዱ ቡድን ሰሌዳው ላይ ቦታ፣ ድምፅ፣ ሽታ፣ ንክኪ በሚሉ አራት ዓምዶች ሥር አንድ አንድ ቃል ይጨምራል። ከዚያ 15 ደቂቃ ለየግል ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። ስድስት ብቻ፤ ገጽ ሙሉ ካሉ ጭራቁ ተመልሶ ይመጣል።

በሁለተኛው ቀን ደብተር ይለዋወጡና የጓደኛቸውን «በጣም»፣ «አስፈሪ»፣ «ፈራሁ» ያስምሩ። ቃላቱን ከመጀመሪያው አልከለክልም፤ ልጁ ምን መጻፍ እንዳሰበ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ከተሰመረ በኋላ በየአንዱ ቦታ «ሰውነቱ ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። «በጣም ፈራች» የነበረው «ምራቋን መዋጥ አቃታት» ይሆናል።

እርማቱ ላይ 58 ደብተር ሙሉ ማረም አይሞክሩ። በዚህ ዙር ያ የተዛባው አንድ ነገር አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ይመልከቱ። ሆሄያት ለሌላ ቀን።

የከሰዓት ፈረቃ ከሆኑ ደግሞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያድርጉት። በመጨረሻው ላይ አስፈራርተው ሲመሽ ቢለቋቸው፣ በጉም የሚሄዱት ልጆች ናቸው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

የጠመኔ ብናኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቡዳና ዛር የሚጽፉ አሉ፤ ወላጅ እንዳይቆጣ እሰጋለሁ። ልተወው ወይስ እንደ ባህል ልቁጠረው?

ወፍ ዋሻ

ቡዳን ይተዉት። ወላጅ ስለሚቆጣ ብቻ አይደለም፤ ስሙ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ላይ ሲለጠፍ የኖረ ነውና ክፍል ውስጥ የእነሱ ልጅ ሊኖር ይችላል። ዛርም በብዙ ቤት ልቦለድ አይደለም። በስም የሚታወቅ የጎረቤት ቤት፣ የታወቀ ሰው መቃብርም አይግባ፤ ቤቱ የትም የሌለ ይሁን። የተቃጠለ ቤት በዓይኑ ያየ ልጅ ካለ ደግሞ ፍርሃትን ትቶ ብርድን ወይም ብቸኝነትን እንዲጽፍ ምክንያት ሳይጠየቅ ይፈቀድለት፤ ድባቡ በእሱም ይሠራል።

ቅኔ ጓዳ

«ከእንቅልፌ ነቃሁ» ሳይነሳ አለፈ። በትእዛዝ አይጠፋም፤ ልጁ ታሪኩን መዝጊያ አጥቶ ነው። ጽፈው ሲጨርሱ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ሸፍነው ያንብቡ። ያለ እሷ ከቆመ ይሰርዟት። ካልቆመ የምትቀድማትንም ይሸፍኑ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሽፋን ላይ በሩ ተከፍቶ ወይም አመዱ ሞቆ ያገኙታል።