የኳስ ክለብ አባል ሁን እያሉኝ ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከፍራንክፈርት (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደምን ናችሁ። ፍራንክፈርት ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁ፣ ሥራ ቦታ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጀርመናዊ አለ፣ የዚህ ከተማ ኳስ ክለብ የአይንትራኽት አባል ሁን እያለ መከራዬን ነው የሚያሳየኝ፣ ባለፈው ጭራሽ ቅጹን ፕሪንት አድርጎ አምጥቶልኛል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አርሰናል ነኝ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ቆሜ እያየሁ ነው ያደኩት፣ አባልነት ሲባል የማውቀው ካርድ አውጥቶ ለቲኬት ወረፋ መያዝ ብቻ ነው። እሱ ግን ድምፅ ትሰጣለህ፣ ፕሬዝዳንቱን ትመርጣለህ ነው የሚለኝ። የምሩን ነው? ከፈረምኩ በኋላ ከሂሳቤ እየቆረጡ መውጫ እንዳያሳጡኝም እፈራለሁ፣ የስልክ ኮንትራቱ ያሳየኝ ይበቃኛል። ሌላው ያልገባኝ ደግሞ እንግሊዝ አገር አሜሪካኑም አረቡም ክለቡን ገዝቶ ጨርሶት የለ እንዴ፣ እዚህ ለምን አልገዙም?

ከፍራንክፈርት (የቆየሁ)፦

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ልጁ እውነቱን ነው የነገረህ፣ እኔም ፈርም ነው የምልህ፣ ግን ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፣ ብዙ ሐበሻ ይሄን ሳያውቅ ነው እዚህ አገር ዕድሜውን የሚጨርሰው።

እዚህ ክለብ ማለት ፌርአይን ነው፣ ማህበር። እንደኛ ዕድር አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ በዓመት ተሰብስበው ሂሳብ ይሰማሉ፣ ሰብሳቢ ይመርጣሉ፣ ካልጣማቸው ያወርዳሉ። ትልልቆቹም ክለቦች እንዲሁ ነበሩ። በ1998 ነው የኳሱን ክፍል ነጥላችሁ ኩባንያ ማድረግ ትችላላችሁ የተባሉት፣ ያኔ ግን አንድ ነገር አብሮ ተደነገገ፣ ከኩባንያው ድምፅ 50 በመቶ ሲደመር አንድ ድምፅ ማህበሩ እጅ መቅረት አለበት። 50+1 የሚሉት ይሄንን ነው። ባለሀብት ገንዘብ ይዞ ይገባል፣ አክሲዮን ይገዛል፣ የመወሰኑን ሥልጣን ግን አይገዛም። ባየርን ሙኒክን እይ፣ አዲዳስ፣ አውዲና አሊያንስ ሦስቱ ተደምረው ያላቸው 25 በመቶ ነው፣ 75ቱ የማህበሩ ነው። የዶርትሙንድ አክሲዮን ከ2000 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፣ ከፈለግክ ዛሬ ማታ በስልክህ ትገዛለህ፣ ክለቡን የሚመራው አካል ግን ማህበሩ እጅ ነው ያለው። የነዳጅ ገንዘብ እዚህ ያልገባው ጀርመን ሀብታም ጠልቶ አይደለም፣ ገንዘብ ያለው ሰው የሚፈልገው አዛዥነቱን ነው፣ እሱ ደግሞ አይሸጥም።

ቀዳዳ የለውም አልልህም። ሌቨርኩሰን የባየር መድኃኒት ፋብሪካ ነው፣ ከ1904 ጀምሮ የሠራተኞች ክለብ ስለነበር ተፈቀደለት፣ ቮልፍስቡርግም የፎልክስቫገን ነው። ሆፈንሃይም ለአንድ ሀብታም ተፈቅዶለት ነበር፣ ሰውየው በ2023 የድምፅ ብልጫውን ለማህበሩ መለሰ። እኔን የሚያበሳጨኝ ላይፕዚግ ነው። ሬድ ቡል በ2009 የአንድ ትንሽ ክለብ ፈቃድ ወስዶ ከታች ሊግ ጀመረ፣ ወረቀቱ ላይ ማህበር ነው፣ ድምፅ ያለው አባል ግን አንድ የከተማ አውቶቡስ እንኳ አይሞላም፣ ሌላው ደጋፊ ቢከፍልም ድምፅ የለውም።

አሁን ለምን ፈርም እንደምልህ። በ2017 መጨረሻ የአይንትራኽት ፕሬዝዳንት የነበረው ፔተር ፊሸር ለጋዜጣ ቃለ ምልልስ ሰጥቶ አአፍዴን የሚመርጥ ሰው የኛ ክለብ አባል መሆን አይችልም አለ። አአፍዴ ማለት እኛን ከዚህ አገር ውጡ የሚለው ፓርቲ ነው። ፓርቲው ከሰሰው፣ ጉዳዩ ተዘጋ። በጃንዋሪ 2018 የአባላት ስብሰባ ተጠራና ሰውየው እንደገና ለምርጫ ቀረበ፣ 99 በመቶ ድምፅ አገኘ። አስበው፣ እኔ በዚያን ጊዜ ለፓርላማ የመምረጥ መብት አልነበረኝም፣ ዜግነቱ ገና አልተሰጠኝም ነበር፣ በዚህ አገር እጄን አውጥቼ የተቆጠርኩት መጀመሪያ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከጦርነቱ በኋላ ጀምሮ ስታዲየም የሚሄዱ ሰው ናቸው፣ የሳቸውም ድምፅ አንድ የኔም አንድ።

ስብሰባው ራሱ ደስ የሚል ነገር አይምሰልህ፣ ረጅም ነው። ከበር ስትገባ ካርድህን አይተው የድምፅ መስጫህን ይሰጡሃል፣ ከዚያ የሂሳብ ሪፖርት፣ የኦዲተር ሪፖርት፣ የጂምናስቲክ፣ የቦክስ፣ የቴብል ቴኒስ፣ የአትሌቲክስ ክፍሉ ሪፖርት፣ ኳሱ ብቻ አይደለም ማህበሩ። መሐል ላይ አንዱ ተነስቶ ማይክ ይይዝና ይሄ ወጪ ምንድነው፣ ባለፈው ዓመት ይሄን ያህል አልነበረም ብሎ ይጠይቃል፣ የፋይናንስ ኃላፊውም ወረቀቱን ገልብጦ ይመልሳል፣ በደንብ ካልመለሰ እንደገና ይጠየቃል። ማንም ሰውዬውን ዝም በል አይለውም። እኔ አገር ቤት ኳስ ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እዚያ አብዛኛው ክለብ በከተማ አስተዳደር ወይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ነው የሚኖረው፣ ደጋፊው ሂሳቡን የሚጠይቅበት መድረክ የለውም፣ በጀት ሲቋረጥ ተጫዋች ደሞዝ ሲያጣ ነው የሚሰማው። ያንን ሰውዬ ማይክ ይዞ ሳየው ይሄ ነው ባለቤትነት ማለት ብያለሁ።

ከሎንደን፦

ጋሼ የጻፉት ልብ ይነካል፣ ግን ሌላውንም ወገን እንስማ። 50+1 ፍትሕ ነው ካልን ባየርን ሙኒክ ከ2013 እስከ 2023 በተከታታይ 11 ዋንጫ እንዴት ወሰደ? በነዚያው 11 ዓመታት እንግሊዝ ውስጥ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ማንቸስተር ሲቲ፣ ቼልሲ፣ ሌስተርና ሊቨርፑል፣ አምስት ክለብ ነው ሻምፒዮን የሆነው። የባየርንን ሰንሰለት በ2024 የበጠሰው ሌቨርኩሰን ራሱ ከደንቡ ነፃ የተደረገ የፋብሪካ ክለብ ነው። ትንሽ ክለብ አድጎ ትልቁን እንዲገዳደር ገንዘብ ከየት ይምጣ ታዲያ? ኒውካስልን የሳዑዲ ፈንድ በ2021 ከመግዛቱ በፊት ደጋፊው ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ በ2025 ዌምብሌይ ላይ የካራባኦ ካፕን፣ የእንግሊዝን የሊግ ካፕ ማለት ነው፣ ሲያነሱ ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ እነዚያን ሰዎች ባለቤታችሁ ጥሩ አይደለም ብዬ ልሞግት አልችልም።

እውነቱን ለመናገር ግን ዋጋውን እኛ ነን የምንከፍለው። የአርሰናል ስታዲየም ኤምሬትስ ርካሹ የዓመት ቲኬት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው፣ ሁለት ልጅ ያለው ሰው የት ይገባል። አርሰናልም ቢሆን በፊት አንዳንድ ደጋፊ አንድ ሁለት አክሲዮን ነበረው፣ ስብሰባ ገብቶ ይጠይቅ ነበር፣ በ2018 አሜሪካዊው ባለሀብት ክሮንኬ ከ90 በመቶ በላይ ሲይዝ ሕጉ ስለሚፈቅድለት የቀሩትንም ተገደው እንዲሸጡ አደረገ። አባቱ ያወረሰውን አክሲዮን ያጣ ሰው ሠፈራችን አለ፣ ወረቀቱን ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ከማንቸስተር፦

ወንድሜ ሎንደን፣ አምስቱን ክለብ ስትቆጥር ከ2018 እስከ 2024 ካሉት ሰባት ዋንጫዎች ስድስቱን ሲቲ እንደወሰደ ዘለልከው። እኔ ከስታዲየማቸው ብዙም አልርቅም፣ አቡዳቢ በ2008 ከገዛው በኋላ አካባቢው እንደተለወጠ አልክድም፣ አጥሩ፣ ትራሙ፣ የልምምድ ሜዳው ሁሉ። ግን ሕግ ለሁሉም እኩል ካልሠራ ምኑን ውድድር ሆነ? ፕሪምየር ሊጉ በፌብሩዋሪ 2023 ሲቲን የገንዘብ ደንብ ጥሰሃል ብሎ ከመቶ በላይ በሆኑ ክሶች ከሰሰ፣ ክለቡ አላጠፋሁም ይላል፣ ችሎቱ የተጀመረው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ኤቨርተን ግን በሦስት ዓመት ይፈቀድ ከነበረው 105 ሚሊዮን ፓውንድ ኪሳራ በላይ 19.5 ሚሊዮን አለፈ ተብሎ በኖቬምበር 2023 ያውም ሲዝኑ መሐል 10 ነጥብ ተቀነሰበት፣ በይግባኝ ወደ 6 ወረደ፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላ 2። ኖቲንግሃም ፎረስትም 4 አጣ። ጥፋት ካለ ይቀጣ፣ ግን አንዱ በወራት ሌላው በዓመታት ከሆነ ሰው ምን ይበል።

እዚሁ አጠገባችን በሪ የሚባል ክለብ ነበር፣ ከ1885 ጀምሮ ያለ። ባለቤቱ በ1 ፓውንድ ነው የገዛው፣ ዕዳውን መክፈል አቃተውና በኦገስት 2019 ከሊጉ ተባረረ። ሴት አያቶች የስታዲየሙን ወንበር ሊያጸዱ ባልዲና መጥረጊያ ይዘው ሲመጡ አይቻለሁ፣ ጨዋታ ይኖራል ብለው። የዩናይትድንም ታውቃላችሁ፣ ዕዳ ያልነበረበት ክለብ በ2005 ሲሸጥ የተገዛበት ብድር ራሱ ክለቡ ላይ ተጫነ። ያኔ ያኮረፉ ደጋፊዎች ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር ብለው የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው፣ ታች ሊግ ነው የሚጫወቱት። ማንቸስተር ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መግቢያው አይጎዳም፣ ሰዉም ይቀበላችኋል።

ከስቶክሆልም፦

እኛም ጋ እንደ ጀርመን ነው፣ 51 በመቶው የአባላት ነው። በ2024 የስዊድን ፌዴሬሽን ቫር (የቪዲዮ ዳኝነት) ማስገባቱን የተወው አብዛኞቹ ክለቦች የአባሎቻቸውን ውሳኔ ይዘው እምቢ ስላሉ ነው፣ ሌላ ቦታ ደጋፊውን ማን ይጠይቀዋል? አሌክሳንደር ኢሳክ፣ ወላጆቹ ከኤርትራ የመጡ የሶልና ልጅ፣ ያደገው በአባላት ክለብ በአይኮ ነው። በ2025 ኒውካስል ለሊቨርፑል በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ሎንደን እንዳልከው ከሆነ በዓለም ሀብታሙ ባለቤት እጅ ያለ ክለብ ምርጥ ተጫዋቹን እንኳ ማቆየት አልቻለም፣ ስለዚህ ባለሀብት መግዛቱ ብቻውን ትንሹን ትልቅ አያደርገውም።

ከፍራንክፈርት (የቆየሁ)፦

ሎንደን ያልከው የባየርን ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርህም፣ እኔንም አንገሽግሾኛል። ግን እሱን ያመጣው አባልነቱ አይደለም፣ በየዓመቱ ቻምፒየንስ ሊግ የሚገባው ክለብ ከዚያ የሚያገኘው ገንዘብ ነው፣ አንዴ የቀደመ እየቀደመ ይሄዳል። ማን ዋንጫ ይወስዳል የሚለውና ክለቡ የማን ነው የሚለው ለየቅል ነው፣ ሁለተኛው እጅህ ላይ ካለ ስለ መጀመሪያውም መጮህ ትችላለህ። በዲሴምበር 2023 የሊጉ ኩባንያ ከቴሌቪዥን መብቱ ላይ ለ20 ዓመት 8 በመቶ ለውጭ ኢንቨስተር እሸጣለሁ ብሎ ከ36 ክለቦች 24ቱ በሚስጥር ድምፅ ደገፉት፣ ልክ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ። የሃኖቨር ክለብ ተወካይ እምቢ እንዲል በማህበሩ ታዝዞ ሳለ እሺ ብሎ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ተነሳ። ከዚያ በኋላ በየስታዲየሙ የቴኒስ ኳስ ይዘንብ ጀመር፣ በወርቅማ ወረቀት የተጠቀለለ የቸኮሌት ሳንቲም ሁሉ ሜዳ ላይ ይወረወር ነበር፣ ዳኛው ጨዋታ ያቆማል፣ ተጫዋቾቹ ጎንበስ ብለው ይለቅማሉ፣ እንደገና ይወረወራል። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2024 ዕቅዱ ተሰረዘ። ሊገባ የነበረ ቢሊዮን ዩሮ ነው የቀረው።

ከፍራንክፈርት (ጠያቂ)፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌሎቻችሁም እንደዚያው። እሺ እፈርማለሁ፣ አርሰናልን ሳልተው። ክፍያውና መውጫው ላይ ብቻ ትንሽ ንገሩኝ።

ከኦፈንባህ፦

የሚከፈለው በዓመት ነው፣ ለተማሪና ለልጅ ይቀንሳል፣ የባንክ ቁጥርህን ትሞላና ራሳቸው ይቆርጣሉ። መውጣት ስትፈልግ በጽሑፍ ነው፣ ቀነ ገደብ አለው፣ ቀኑ ደንቡ ላይ ስላለ ሳትፈርም አንብበው፣ ደብዳቤውንም ኮፒ አስቀር። ሌላ ክለብ የምትገቡ ደግሞ ቅጹ ላይ ሽቲምበሬሽቲግት (ድምፅ የመስጠት መብት ያለው) የሚለውን ፈልጉ፣ ከሌለ ድምፅ የሌለው የደጋፊ አባልነት ነው የሸጡላችሁ ማለት ነው፣ አንዳንድ ክለብም ለተወሰነ ጊዜ አባል ሆነህ ካልቆየህ አያስመርጥም። አባል ሆንኩ ብለህ ግን ቲኬት አገኛለሁ ብለህ አትጠብቅ፣ የዓመቱ ቲኬት ወረፋው ረጅም ነው፣ ለነጠላ ጨዋታ ቅድሚያ ይሰጡሃል እንጂ። ስታገኝ ቆመህ የምታይበትን ቦታ ያዝ፣ ርካሽ ነው፣ ቲኬቱ የዚያን ቀን ባቡርህንም ይሸፍናል። ልጅ ያላችሁ ሪደርቫልድ ያለው የአይንትራኽት ግቢ ሄዳችሁ አትሌቲክሱን ጠይቁ፣ የኛ ልጆች እዚያ ይሮጣሉ፣ ኳሱ ላይ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።