«ከናት ጀርባ ያለ በሩን ዘግቶ ተኝቷል» ተብሎ ይሰለጠናል?

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ አንድ ስልጠና ላይ ነበርኩ። ርእሱ ሊኑክስ ላይ የተነጠለ ኔትወርክ ኔምስፔስ (አንድ ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ኔትወርክ ያለው ክፍል) መስራትና በናት (NAT፣ የውስጡን አድራሻ በውጭው የሚቀይር ዘዴ) ኢንተርኔት ማስገባት ነው። ስልጠናው ጥሩ ነበር፤ ይሄን አልክድም። አንድ ነገር ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ኔምስፔሱ ሰርቶ ፒንግ («አለህ ወይ?» የሚል የሙከራ መልእክት) መመለስ ሲጀምር አንዲት ልጅ «ፋየርዎሉንስ (የሚያልፈውንና የሚታገደውን የሚወስነውን) መቼ እንሰራለን?» ብላ ጠየቀች። አሰልጣኙ «ከናት ጀርባ ያለ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ ፋየርዎል ምን ያደርግለታል?» አላት። ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ተናድጄ ወጣሁ። እነዚህ ልጆች ነገ የሰው ደመወዝ፣ የሰው የምርመራ ውጤት የተቀመጠበት ሰርቨር ይሰጣቸዋል።

የቦርከና፦
እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰውዬው ቅዳሜውን ሰውቶ በነጻ ነው ያስተማረን። በግማሽ ቀን ስንቱን ያዳርስ? ኔምስፔስ ሲፈጠር ባዶ ቤት ነው። ሉፕባኩ (ራሱን የሚያናግርበት መስመር) እንኳን አልተነሳም። ቪኢት የሚባለውን ባለሁለት ጫፍ ገመድ ፈጠርን፣ አንዱን ጫፍ ውስጥ ከተትን። ውጭ ለቀረው 10.200.1.1፣ ውስጥ ለገባው 10.200.1.2 ሰጠን። ሁለቱንም አስነሳን፣ ውስጥ ዲፎልት ራውት (ወደ ውጭ የሚወስድ መንገድ) አስገባን፣ ፎርዋርዲንግ (ላፕቶፑ የሌላውን ፓኬት እንዲያሳልፍ) ከፈትን፣ ማስከሬድ (የናቱን ሩል) ጨመርን። አንዷ ከተረሳች ኢንተርኔት አይገባም። የእያንዳንዳችን ላፕቶፕ ጋ እየዞረ ነው ያስተካከለው። አንድ ዓረፍተ ነገር መዘህ ሰው አትስቀል።

የሆጤ ልጅ፦
ሰውዬውን አልነካሁም። ስሙንም አልጠራሁም። ዓረፍተ ነገሩን ነው ያልኩት። ልጅቷ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቃ ተሳስተሻል ተብላ ተቀመጠች። የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ጦሳ ስር፦
ምኑ ነው የተሳሳተው? 10.200.1.2 የግል አድራሻ ነው። በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉትና የ192.168ቶቹ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለግል የተለዩ ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ አይዞሩም። አንድ ሰው ከውጭ ወደዚያ አድራሻ ፓኬት ልላክ ቢል የሚያደርስለት ራውተር የለም። የማይደረስበት ቤት በሩ ተዘግቷል ቢባል ምን ችግር አለው?

ሸዋ በር፦
ወንድሜ፣ «ከውጭ» ስትል ኢንተርኔትን ብቻ አሰብክ። ጎረቤትህም ውጭ ነው። እኔ ትናንት ማታ ቤቴ ሞክሬ ነው የምጽፈው። ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ዋይፋይ። አንደኛው ላይ ልክ እንደ ቅዳሜው ኔምስፔስ ሰራሁ፣ ውስጡ ፖርት 8000 ላይ ትንሽ ዌብ ሰርቨር አስነሳሁ። ሁለተኛው ላይ አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩ፤ ወደ 10.200.1.0/24 የሚሄድ ሁሉ በአንደኛው ላፕቶፕ አድራሻ በኩል ይሂድ የሚል። ፒንጉ መለሰ። ገጹም ተከፈተ። የከለከለኝ አልነበረም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፎርዋርዲንግ ስትከፍት ላፕቶፕህ ራውተር ሆነ። ራውተር ደግሞ የመጣለትን ያሳልፋል። ማስከሬድ የሚሰራው ፓኬቱ ሊወጣ ሲል መጨረሻ ላይ ነው፤ የላኪውን አድራሻ በራሱ ይቀይራል። የሚገባን አይጠይቅም፣ አይከለክልም። የሚከለክለው የፎርዋርድ ቼይን (ለሚያልፉ ፓኬቶች የሚሰራው የፋየርዎል ክፍል) ነው። እሱ ካልተነካ ፖሊሲው አክሴፕት ነው፣ ማለትም ሁሉም ይለፍ።

ጦሳ ስር፦
እህቴ፣ ያንን መስመር ለመጨመር እኮ አድራሻውን ማወቅ አለብሽ። ጎረቤቴ 10.200.1 መሆኑን በምን ያውቃል?

ሸዋ በር፦
አሰልጣኙ ቅዳሜ ለሁላችሁም አንድ ቁጥር ሰጣችሁ። ክፍሉ ሙሉ ሰው 10.200.1 ነው። ከዚያ ክፍል የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ጦሳ ስር፦
እሺ፣ ብዙ ካፌ ውስጥ ደግሞ ዋይፋዩ ራሱ ደንበኞችን አያገናኝም። እዚያ ሙከራሽ አይሰራም።

የሆጤ ልጅ፦
እዚያ የዘጋው የካፌው አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) ነው፤ ናት አይደለም። በየቦታው ሌላ ሰው የዘጋውን በር ለናት ትሰጡታላችሁ። አንድ ቤት የቤት ቁጥር የለውም እንበል። ፖስተኛ አያገኘውም፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳም አያገኘውም። የሰፈሩ ልጅ ግን ቀጥ ብሎ ይገባል። ቁጥር የሌለው ቤት እና የተቆለፈ ቤት አንድ ናቸው?

የቦርከና፦
ቆይ፣ አሁን እኔም ሞከርኩ። ከወንድሜ ላፕቶፕ ፒንግ አልገባም። ዌብ ሰርቨሩም አልተከፈተም። በዓይኔ ያየሁት ነው። አሰልጣኙ ልክ ነበር።

ሸዋ በር፦
አብሽር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ላፕቶፕህ ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ የሚያስኬደው) አለ?

የቦርከና፦
አለ። ምን አገናኘው?

ሸዋ በር፦
ብዙ ያገናኘዋል። ዶከር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የፎርዋርድን ፖሊሲ ድሮፕ፣ ማለትም ሁሉም ይጣል፣ ያደርገዋል። ቅዳሜ የአንዳንዶቻችሁ ኔምስፔስ ማስከሬድ እያለ ኢንተርኔት እምቢ አላለም?

የቦርከና፦
ብሎኝ ነበር። አሰልጣኙ መጥቶ ሁለት ሩል ጨመረልኝ። አንዱ ከቪኢቱ ወደ ዋይፋይ የሚወጣ ይለፍ የሚል፣ ሌላው ለተጀመረ ግንኙነት የሚመለስ መልስ ይለፍ የሚል።

ሸዋ በር፦
በቃ። ፋየርዎል ሰራልህ እኮ። ሁሉ ዝግ፣ መውጣት ይፈቀድ፣ መልስ ይፈቀድ፣ ከውጭ የሚጀመር ይቅር። ናት አይደለም ያዳነህ፣ እነዚያ ሁለት መስመሮችና የዶከር ድሮፕ ናቸው። ዶከር የሌለው ጎንህ የተቀመጠው ልጅ ግን ማስከሬድ ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ። ሁለታችሁም ደብተር ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር አንድ ነው።

የሆጤ ልጅ፦
እኔ ነኝ ጎኑ የነበርኩት። ዶከር የለኝም። ቅድም አየሁት፤ ፎርዋርድ ቼይኔ አክሴፕት ነው፣ አንድ ሩል የለበትም።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ልጆች፣ ልግባ። እኔ ለዓመታት ጀማሪ አስተምሬአለሁ። ለጀማሪ ሁሉም በአንድ ቀን አይነገርም። መጀመሪያ ነገሩ ሲሰራ ይይ፣ ይደሰት፣ ከዚያ ስለ መዝጋቱ ይማራል። «በሩን ዘግቶ ተኝቷል» ማለት ማቅለል ነው። አስተማሪ ሁሉ ያቀላል።

የሆጤ ልጅ፦
ጋሼ፣ ክብር ይስጥልኝ። ማቅለልና መሳሳት ግን ይለያያሉ። «ፎርዋርዲንግ ስትከፍት ላፕቶፕህ ራውተር ሆነ» ማለትም ቀላል ነው፤ እውነትም ነው። እርስዎ የሚያስተምሩት ልጅ የተቀለለውን ነው ይዞ የሚኖረው። ሁለተኛው ክፍል የሚመጣው ለስንቱ ነው?

መምህር ከኮምቦልቻ፦
የሚመጣለት ጥቂት ነው፣ እሱን አልክድህም። ለዚህም ነው እኔ ኔምስፔሱን ራሱ የምጠራጠረው። ራውተር በእጁ ያልነካ፣ ኬብል ያልዘረጋ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሁሉንም ነገር ሲያይ ውጭና ውስጥ ይምታታበታል። ዕቃ ይገዛና በዕቃ ይማሩ።

ሐረጎ ላይ፦
ዕቃው እስኪገዛ ስንት ባች ይመረቅ? እኔ ኔትወርክ ኔምስፔስን የምወደው ለዚህ ነው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 2.6.24 ላይ መግባት ጀመረ፤ ዛሬ የትኛውም ኡቡንቱ ላይ አለ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አስር ኔምስፔስ ሰርተህ ሶስቱን ራውተር፣ ሰባቱን ኮምፒውተር ማድረግ ትችላለህ። እያንዳንዱ የራሱ ራውቲንግ ቴብል፣ የራሱ ፋየርዎል፣ የራሱ ሉፕባክ አለው። የጎረቤቱን ሙከራ ሁለተኛ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ እዚያው ሊሰራው ይችላል፤ ሌላ ኔምስፔስ ጎረቤት ይሁን። ደሴ የተማርን ልጆች ዕቃ አልነካንም ተብለን ስራ ስንከለከል ኖረናል። ያቺን ነገር እዚህ አታምጡብን።

የቦርከና፦
ኮምቦልቻስ ዕቃ በዝቶ ነው? ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ስለወረድን ሀብታም አደረጋችሁን። የእኛ ላብራቶሪም ያው ነው።

ሐረጎ ላይ፦
አልኩ እንዴ? ለመምህሩ ነው የመለስኩት።

ጦሳ ስር፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ናት ከድሮ ጀምሮ ለጥበቃ ነው ሲባል ነው የሰማሁት። ቤታችን ያለው ራውተር ሁሉ በዚያ ነው የሚኖረው። ይሄ ሁሉ ዓለም ተሳስቷል?

ሸዋ በር፦
ናት የመጣው አድራሻ ስላለቀ ነው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 1631፣ ለአጭር ጊዜ መፍትሄ ብሎ ነው ያቀረበው። ስለ ደህንነት ሲናገር ደግሞ ናት የደህንነት አማራጮችን ያሳንሳል ይላል እንጂ ይጠብቃል አይልም። የቤትህ ራውተር ከውጭ የሚጀመረውን የሚዘጋው አብሮት ፋየርዎል ስላለ ነው። ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚኖሩ አንድ መሰሉ። ቅዳሜ ግን እናንተ ራውተሩን ራሳችሁ ሰራችሁት። ያልጨመራችሁት ነገር አይኖረውም።

ደግሞ አይፒቪ6ን (አዲሱን የኢንተርኔት አድራሻ ስርዓት) አስቡ። እዚያ አድራሻ ሞልቷል፤ ናት በአብዛኛው የለም። «ናት ካለ ተኛ» ተብሎ የተማረ ልጅ ያን ቀን ምን ይይዛል?

ቧንቧ ውሃ፦
ይቅርታ፣ ክርክሩን ላቋርጥ። የእኔ ኔምስፔስ 8.8.8.8ን ፒንግ ያደርጋል፣ በስም ግን ምንም አይከፍትም። ኡቡንቱ ነው። ሶስት ቀኔ።

ሐረጎ ላይ፦
ዲኤንኤስህ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) 127.0.0.53 ላይ፣ ማለትም ዋናው ሉፕባክ ላይ ነው። የኔምስፔሱ ሉፕባክ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚያዳምጥ የለም። ኢቲሲ ውስጥ ኔትኤንኤስ የሚል ፎልደር፣ በውስጡ በኔምስፔስህ ስም ሌላ ፎልደር ፍጠር። እዚያ የራሱን ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ አስቀምጥ፣ ውስጡ 8.8.8.8 ጻፍ። ከዚያ እንደ ድሮህ በአይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ ትእዛዝ ወደ ኔምስፔሱ ግባ፣ ራሱ ያነበዋል።

ቧንቧ ውሃ፦
ሰራ! አላህ ይስጥህ።

የሆጤ ልጅ፦
«የተነጠለ» የሚለውም ቃል እንዲሁ መታየት አለበት። የተነጠለው ኔትወርኩ ብቻ ነው። በአይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ የገባ ሰው ሩት (ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ) ሆኖ ነው የሚገባው፤ ሆም ፎልደርህን ያያል፣ ሊያጠፋውም ይችላል። ዳታቤዝህ በ127.0.0.1 ላይደረስበት ይችላል፤ በሶኬት ፋይሉ በኩል ግን ይደረሳል፣ ፋይሉ ያው አንድ ዲስክ ላይ ነውና። ሩት ከሆነ ደግሞ አንድ ትእዛዝ ጽፎ ወደ ዋናው ኔትወርክ ተመልሶ ይወጣል። ቅዳሜ «ቫይረስ ያለበት ፕሮግራም እዚህ ውስጥ አሂዱ» ሲባልም ሰምቻለሁ። ይሄም ደብተር ላይ ተጽፏል።

የቦርከና፦
እሱን አሰልጣኙ አይደለም ያለው። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ነው። አትጨምርበት።

የሆጤ ልጅ፦
እሺ፣ እሱን አነሳሁ። ተማሪ ነው ያለው። አሰልጣኙ ግን አላረመውም።

የቦርከና፦
አልሰማውማ! እኔ ጋ ቆሞ የዶከሩን ነገር እያስተካከለ ነበር። በዚህች ሰዓት ሰው ምን ያድርግ?

ጦሳ ስር፦
እኔ አንድ ነገር ልመን። ጎረቤት መግባት ይችላል፤ ሸዋ በር ሰርታ አሳይታለች። ግን ከኢንተርኔት የሚመጣውን ናት አላስገባውም፤ ይሄም እውነት ነው። ስለዚህ ግማሽ በር ዘግቷል በሉና እንስማማ።

ሸዋ በር፦
አልስማማም። ናት ግማሽም አልዘጋም። ኢንተርኔቱ መንገዱን ስለማያውቅ ነው ያልመጣው። መንገድ አለማወቅና መከልከል ለየብቻ ናቸው። አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ መቶ ኮምፒውተር አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው፤ ሁሉም መንገድ ማወቅ ይችላሉ። አንዱ ቫይረስ ይዞ ቢገባ ሁሉም ጎረቤት ነው።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ልጄ፣ ይሄ ምሳሌ ጥሩ ነው። ብወስደው ቅር ይልሻል?

ሸዋ በር፦
ኧረ በደስታ ጋሼ። ሁለቱን ሩልና ድሮፑን ግን ከማስከሬዱ ጋር በአንድ ቀን ይስጧቸው። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
አንድ ቀን ላይ አይገባም ያልኩት እሱን ነበር። አሁንም አላመንኩም።

ጦሳ ስር፦
«ግማሽ በር» የሚለውን ማንም አልመለሰልኝም። መንገድ የማያውቅ ሌባ አልገባም ማለት ነው አይደለም?

የሆጤ ልጅ፦
መልሳልሃለች። መልሰህ አንብበው።

የቦርከና፦
እኔ ከወንድሜ ላፕቶፕ ጋር ደግሜ ልሞክር። ዶከሩን ዘግቼ፣ ፖሊሲውን አክሴፕት አድርጌ። ፒንጉ ከገባ ለአሰልጣኙ ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ፣ እናንተ እዚህ ስሙን አታንሱት።

የቦርከና፦
መብራት ሄደ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ነው፣ እንደጠፋ ጠፋ። ሲመለስ ኔምስፔሱም ሩሉም አይኖርም፣ ከሀ ነው የምጀምረው። ነገ እጽፋለሁ።

ጦሳ ስር፦
እየጠበቅኩ ነው። ዶከሩን መዝጋት ብቻ እንዳይመስልህ፣ ፖሊሲውን በእጅህ መልሰው።